«ልብሽ ደህና ነው» ካሉኝ ታዲያ ምን ሆኜ ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር፣ የጅማ ልጅ ነኝ፣ 24 ዓመቴ ነው። የዛሬ ሦስት ወር ከአጂፕ ወደ መርካቶ በባጃጅ እየሄድኩ ልቤ ድው ድው አለ፣ ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ትንፋሽ አጠረኝና በቃ መሞቴ ነው ብዬ ሹፌሩን አቁም አልኩት። ከዛ ወዲህ አራቴ ተደገመብኝ። ኢሲጂ የሚባለውን የልብ ምርመራ ተነሳሁ፣ «ምንም የለሽም» ተባልኩ። እማዬ እምነትሽ ቀንሶ ነው ትላለች፣ ጓደኞቼ ደግሞ መድኃኒት ከጀመርሽ ሱስ ይሆንብሻል ይሉኛል። ባጃጅ ትቻለሁ፣ በእግሬ ነው የምሄደው። ምን ይሉኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ «ምንም የለሽም» የሚለው ቃል በጣም ያናድደኛል። ልብሽ ደህና ነው ማለት አልታመምሽም ማለት አይደለም። የነገርሽኝ ፓኒክ አታክ የሚባለውን ይመስላል፣ ሰውነትሽ አደጋ የመጣ መስሎት አድሬናሊን የሚባል ሆርሞን ይለቃል፣ ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ሲፈጥን ደግሞ ጣት ይደነዝዛል፣ ብዙ ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ብሶ ብሶ ከዛ ይበርዳል። አላስመሰልሽም።

እማዬን አትቀየሚያት፣ ደንግጣ ነው። ግን ሶላት የማያልፋቸው፣ ጾም የማይሽሩ ሰዎችም ይሄ ይይዛቸዋል፣ ስኳር የያዘውን ሰው እምነትህ ቀንሶ ነው እንላለን እንዴ? ጸሎቱም ሕክምናውም አብሮ ይሄዳል።

መድኃኒቱን በተመለከተ ጓደኞችሽ ሁለት ነገር ቀላቅለዋል። ለዚህ ሕመም የሚታዘዙት እነ ፍሉኦክሴቲንና ሰርትራሊን ሱስ አያሲዙም፣ ለውጡ ግን ሳምንታት ይፈጃል፣ በራስሽ ድንገት አታቋርጪም። ሱስ የሚያሲዘው እንደ ዳያዜፓም ያለው ማረጋጊያ ነው፣ ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ፣ ስለዚህ ጎረቤት «ይሄ ያስተኛሻል» ብላ የሰጠችሽን እንዳትውጪ። ያለ መድኃኒት በንግግር ሕክምና ብቻ የሚሻላቸውም ብዙ ናቸው።

እኔን ከሁሉም ያሳሰበኝ ባጃጁ ነው። ስትሸሺው እፎይ ትያለሽ፣ አእምሮሽ ግን «አየሽ፣ ስላልተሳፈርሽ ነው የተረፍሽው» ብሎ ይይዘዋል፣ ዛሬ ባጃጅ ነገ ገበያ እያለ ቤት ያስቀምጥሻል። ከምታምኚው ሰው ጋር አጭር መንገድ ተሳፈሪ፣ ልብሽ ቢመታም ሳትወርጂ ቆዪ፣ ትንፋሽሽን ቀስ አድርገሽ እያወጣሽ፣ ሲበርድ ራስሽ ታዪዋለሽ። ቀስ በቀስ መንገዱን አርዝሚው።

ቡናም አለ። ጅማ ላይ ተቀምጬ ቡና ተዪ ማለት ይከብደኛል፣ ግን በባዶ ሆድ አቦል ቶና በረካ ልብን ያስመታል፣ ጫትማ ይብሳል፣ ለተወሰነ ጊዜ ቀንሺና ልዩነቱን እዪ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፣ እዛ ስትሄዲ የታይሮይድ (የአንገት እጢ) እና የደም ማነስ ምርመራም ጠይቂ፣ እነዚህ ሕመሞችም ልክ እንደዚህ ልብ ያስመታሉና።