መልስ፦ «ፓርላማው ሁሉን ከወሰነ ንጉሥ ለምን ያስፈልጋል?»

ወንድሜ፣ ጥቅሙ በደንብ የሚታየው መንግሥት ሲመሠረት ነው። ቤልጂየምን እንይ። ምክር ቤቱ 150 መቀመጫ አለው፤ ፓርቲዎቹም በቋንቋ ስለተከፈሉ 76 ድምፅ ለብቻው የሚያገኝ የለም። ከምርጫ በኋላ ንጉሡ መሪዎቹን በየተራ ያነጋግራሉ። ቀጥሎ ማን ከማን ጋር መሥራት እንደሚችል የሚያጣራ ሰው ይሾማሉ። መንገዱ ሲጠራ ደግሞ ካቢኔ የሚያዋቅረውን ይሰይማሉ፤ እሱም አብዛኛውን ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆናል። ድርድሩ ከከሸፈ ሌላ ሰው ይላካል። ይህን የሚያደርገው የምርጫ ድምፅ የማይፈልግ ሰው መሆኑ ነው ቁም ነገሩ። ተአምር ግን አይጠበቅም፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ምርጫ በኋላ 541 ቀን ፈጅቷል።

ችግር የሚመጣው ንጉሡ የግል አቋማቸውን ሲያስገቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ንጉሥ ቦድዋን የፅንስ ማቋረጥ ሕጉን አልፈርምም አሉ። ሚኒስትሮቹ «መንገሥ አልቻሉም» ብለው ራሳቸው ፈረሙ፤ በማግስቱ ፓርላማው ንጉሡን ወደ ሥልጣናቸው መለሳቸው። ብልሃት ነው፤ ደጋግሞ ግን የሚያዋጣ አይመስለኝም።

ንጉሥ እያለም መንግሥት የማዋቀሩን ሥራ ለሌላ መስጠት ይቻላል። በስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ የጠቅላይ ሚኒስትር እጩ የሚያቀርበው የፓርላማው አፈ ጉባኤ ነው፤ ከ349ኙ 175 ካልተቃወሙት እጩው ያልፋል፣ አራት ጊዜ ከወደቀ ግን ምርጫ ይደገማል። ኔዘርላንድስም እ.ኤ.አ. በ2012 ዘውዱን ከምሥረታው አወጣች፤ ከ2021 ምርጫ በኋላ ግን 299 ቀን ወሰደባት። ስለዚህ መዘግየቱን በንጉሡ ላይ ብቻ ማላከክ አይቻልም።