ኦቨርኝ በሦስት ቀን፦ ሰማዩ ሲጠራ ተራራ፣ ሲደፈን ቤተ ክርስቲያን

እህታችን፣ ጥያቄሽን ላላዩት ልድገመው፦ በጁላይ መጨረሻ ሊዮን ያሉ ዘመዶችሽን ልትጠይቂ ትመጫለሽ፤ ሁለት ልጆችና ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናትሽ አብረውሽ ናቸው፤ መኪና ትከራያለሽ፤ አልፕስ በዚያ ሰሞን ሰዉም ዋጋውም ስለማይቻል ሦስቱን ቀን መሃል ፈረንሳይ ያለው ኦቨርኝ ብናሳልፍስ ብለሻል። አሳልፉ። ተራራው፣ ሐይቁና የዘጠኝ መቶ ዓመት ቤተ ክርስቲያኑ ተቀራርበው የሚገኙበት አገር ነው።

መንገዱን ዙር አድርጊው። ከሊዮን በኤ89 ክሌርሞን ፌራን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ ይሄኛው የክፍያ መንገድ ነው። ሁለት ሌሊት እዚያ አካባቢ እደሩ። በሦስተኛው ቀን በኤ75 ወደ ደቡብ ወርዳችሁ፣ ለ ፑይ አን ቨሌን አይታችሁ፣ በሴንት ኤቲየን በኩል ሊዮን ግቡ። በዚህ በኩል የመንገድ ክፍያ የለም፤ የሄዳችሁበትን ደግማችሁም አታዩም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እዚህ አካባቢ የብዙ ሰው ጉዞ የሚበላሸው ተራራውን ለተወሰነ ቀን ቀጥሮ ስለሚመጣ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ቁጥሩን አይቶ ይንቃል፦ ከፍተኛው ጫፍ ፑይ ደ ሳንሲ 1,886 ሜትር ነው፤ ከመርካቶ በታች ማለት ነው። ነገር ግን ከአትላንቲክ የሚመጣው ደመናና ነፋስ እነዚህን ተራሮች ሲያገኝ ነው የሚቆመው። ክሌርሞን 400 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ ፑይ ደ ዶም 1,465። በየመቶ ሜትሩ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ ታች 26 ዲግሪ ሲሆን ላይ 19 እና 20 ነው፤ ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ በጁላይም ጃኬት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሁልጊዜ ማታ ሳይሆን ጠዋት ወስኑ። የፑይ ደ ዶም ጫፍ ላይ በኢንተርኔት የሚታይ ካሜራ አለ። ጥርት ካለ ቁርሱን ትታችሁ ውጡ፤ ነጭ ብቻ ከታየ ቀኑን ለከተማውና ለቤተ ክርስቲያኖቹ አድርጉት። የባቡሩን ቲኬትም ካሜራውን ካያችሁ በኋላ ግዙ።

ፑይ ደ ዶም ላይ በግል መኪና አይወጣም። በ2012 የተከፈተው፣ በጥርስ ሐዲድ የሚወጣው ባቡር በ15 ደቂቃ ጫፍ ያደርሳል፤ እናትሽ ያለ ችግር ይወጣሉ፣ ላይም የተነጠፈ መንገድና ምግብ ቤት አለ። መራመድ የሚፈልግ ከኮል ደ ሴሳ በሙሌቲዬ መንገድ ይውጣ፦ 1,078 ሜትር ላይ ይጀምራል፣ የሮማውያን መንገድ ነበር፣ እየተጠማዘዘ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ተከፋፍላችሁ ላይ መገናኘት ትችላላችሁ፤ የአንድ መንገድ ቲኬትም ስለሚሸጥ በእግር የወጣው በባቡር ይወርዳል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የባቡሩ መነሻና ኮል ደ ሴሳ የተለያዩ ቦታዎች ናቸው፤ መኪናው የት እንደቆመ ሳታስቡ ከወረዳችሁ ማዶ ትቀራላችሁ።

ላይ ስትደርሱ መጀመሪያ ከቴሌቪዥን ማማው ሥር ያለውን፣ ሜርኩሪ ለሚባለው የሮማውያን አምላክ የተሠራውን ቤተ መቅደስ እዩ። የ2ኛው ክፍለ ዘመን የሮማውያን ሥራ ነው፤ የተገኘው በ1870ዎቹ የአየር ሁኔታ መመልከቻ ሲሠራ ነው። ከዚያ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ተመልከቱ፦ ሰማንያ ያህል እሳተ ገሞራዎች በአንድ መስመር ተደርድረዋል። በምሥራቅ በኩል መሬቱ ዝቅ ብሎ የሊማኝ ሜዳ ይሆናል። ይህ ሜዳ ስምጥ ሸለቆ ነው፤ እንደ እኛው መሬቱ መሰንጠቅ ጀምሮ፣ የእነሱ ግን መንገድ ላይ ቆመ። ዩኔስኮ በ2018 የመዘገበው የተራሮቹን ሰንሰለትና የሊማኝን ስንጥቅ አንድ ላይ ነው።

ለልጆቹ ደግሞ ከታች ያልተከፈተ የድንች ቺፕስ ከረጢት ይዛችሁ ውጡ። ጫፍ ላይ ተነፍቶ እንደ ኳስ ይጠጥራል። ሴፕቴምበር 19 ቀን 1648 የፈረንሳዊው ሳይንቲስት የፓስካል የእህት ባል ፍሎረን ፔርዬ እዚሁ ተራራ ላይ ያሳየው ይህንኑ ነው፦ ሜርኩሪ የሚባለው ፈሳሽ ብረት ያለበትን አንድ ቱቦ ክሌርሞን ገዳም ውስጥ ትቶ ሌላውን ይዞ ወጣ። የታችኛው ቀኑን ሙሉ ሳይነቃነቅ ሲቀር የላይኛው ከስምንት ሴንቲ ሜትር በላይ ወረደ። አየር ክብደት እንዳለው፣ ከፍ ሲሉም እንደሚቀንስ በዚህ ተረጋገጠ።

ከሰዓት ልጆቹ ጉልበት ከቀራቸው ፑይ ደ ፓሪዩን ጨምሩ፤ ለእኔ ከፑይ ደ ዶምም ይበልጣል። ከደ ጉል መኪና ማቆሚያ ተነስታችሁ በጫካ ከአንድ ሰዓት በላይ ትሄዳላችሁ፤ መጨረሻው የእንጨት ደረጃ ነው። ድንገት ጎድጓዳው አፍ ይከፈታል፣ ውስጡ ሣር የለበሰ፣ 90 ሜትር ገደማ የሚጠልቅ። ከመንገዱ አትውጡ። መሬቱ አገር ቤት ለመንገድ ሥራ የምናፈሰው ሬድ አሽ ነው፤ ሣሩ አንዴ ከተረገጠ ዝናቡ ጠጠሩን ይዞት ይወርዳል፣ ደረጃውም የተሠራው ለዚህ ነው። በስኒከር ለስላሳ ሶል መውረድ ያንሸራትታል፤ ጥርስ ያለው ጫማ አድርጉ፣ ተረከዝ ቀድሞ ይረግጥ። የልጅ ጋሪ አይሄድም።

ሰማዩ የተደፈነ ቀን ክሌርሞን ከተማ። ካቴድራሉ ጥቁር ነው፤ ቆሽሾ እንዳይመስላችሁ፣ የቮልቪክ እሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። በ1248 ተጀመረ፤ ድንጋዩ ጠንካራ ስለሆነ ዓምዶቹን ቀጭን አድርገው ማቆም ቻሉ። ሁለቱ ሹል ማማዎች ግን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። አጠገቡ አደባባይ ላይ የቆመው ሐውልት የሮማው ጳጳስ የኡርባን 2ኛ ነው፤ በኖቬምበር 1095 የመጀመሪያውን የመስቀል ጦርነት ያወጀው በዚህ ከተማ ነው። ጥቂት ወረድ ብሎ ኖትር ዳም ዱ ፖር አለ፦ የ12ኛው ክፍለ ዘመን፣ ድንጋዩም ፈካ ያለ። እናትሽ ካቴድራሉን ቢወዱም ይህንን አይለፉት።

ታሪክ ለሚወድ ደግሞ ከከተማው ደቡብ የገርጎቪ አምባ አለ። የጎል (የጥንቷ ፈረንሳይ) ሰዎች መሪ ቬርሴንጌቶሪክስ በ52 ከክርስቶስ ልደት በፊት የሮማውን ጦር መሪ ቄሳርን የመለሰበት ነው፤ ቄሳር ራሱ 46 የመቶ አለቆችና ሰባት መቶ የማይሞሉ ወታደሮች እንደሞቱበት ጽፏል። መኪና አምባው ላይ ድረስ ይወጣል፣ ሙዚየሙም አዲስ ነው።

ሁለተኛው ቀን የሳንሲ ነው። ከሞን ዶር ከተማ በላይ ኬብል ካር አለ፤ ከእሱ ወርዶ እስከ ጫፉ ረጅም የእንጨት ደረጃ ይቀራል፣ እናትሽ ማረፊያው ላይ ይቀመጡ። ነፋስ ሲበረታ ኬብል ካሩ ይቆማል፤ የጁላይ ነጎድጓድ ደግሞ ከሰዓት ስለሚመጣ ጠዋት ውጡ። በግጦሽ መካከል ስታልፉ በሩን ከኋላችሁ ዝጉ፤ በላምና በጥጃ መሃል ግን በፍጹም አትለፉ፣ ላሟ ትወጋለች።

ከዚያ ቤስ አጠገብ ላክ ፓቫን። ቢሾፍቱን የሚያውቅ አፈጣጠሩ አይገርመውም፦ ቅልጥ አለትና የመሬት ውስጥ ውሃ ተገናኝተው ፈንድተው የቀሩት ክብ ጉድጓድ ነው፤ የተፈጠረው ከ6,900 ዓመት ገደማ በፊት፣ በዚህ አካባቢ የመጨረሻው ፍንዳታ ነው። ጥልቀቱ 92 ሜትር፤ የታችኛው ውሃ ከላይኛው ጋር አይቀላቀልም። ዙሪያውን በእግር ከአንድ ሰዓት በታች ነው። መዋኛ ግን ሻምቦን ሐይቅ ነው፣ ልጆቹን እዚያ ውሰዱ፤ የሙሮል ግንብ ፍርስራሽም ከዚያው አጠገብ ነው።

መንገድ ላይ ኦርሲቫል ቁሙ። ከውጭ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉትን ሰንሰለቶች ፈልጉ፤ ከምርኮ ያመለጡ ሰዎች ለእመቤታችን ስለት ያገቡት ነው። ሴን ኔክቴር ደግሞ 103 የተቀረጹ የዓምድ ራሶች አሉት፤ ቀለማቸው ያልለቀቀውን መሠዊያው ዙሪያ እዩ።

ለ ፑይ አን ቨሌ ላይ 82 ሜትር የቆመ ጥቁር ዓለት አለ፤ ጫፉ ላይ የ10ኛው ክፍለ ዘመን የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን። 268 ደረጃ ነው፣ ሌላ መውጫ የለም፤ ለእናትሽ ከታች ሆነው ማየት ይበቃቸዋል። ካቴድራሉም ዳገትና ደረጃ ነው፣ ግን በጎን የሚገባበት አለ፤ መኪና ላይኛው ሰፈር አስጠግተሽ አውርጃቸው። ከተራራው ላይ የምትታየው ቀይ የእመቤታችን ሐውልት በክራይሚያ ጦርነት ከሴቫስቶፖል የተማረኩ 213 መድፎች ቀልጠው በ1860 የተሠራች ናት።

ምግብ ላይ ሁለት ነገር። ብዙ ምግብ ቤት ለምሳ ከ13፡30 በኋላ አያስገባም፤ ከሳንሲ ዘግይታችሁ ከወረዳችሁ ዳቦና አይብ ይዛችሁ መሆን አለበት። ሁለተኛው፣ ትሩፋድ የሚሉት ድንችና አይብ ብዙ ጊዜ በአሳማ ስብ ይጠበሳል። የለ ፑይ አረንጓዴ ምስርም እንደ እኛ የጾም ምግብ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ ገብቶበት ይቀቀላል። ከማዘዛችሁ በፊት «ሳን ፖር» (ያለ አሳማ) በሉ። ደረቁን ምስር ግን ከገበያ ግዙ፤ ልጣጩ ቀጭን ነው፣ ሳይዘፈዘፍ በ25 ደቂቃ ይበስላል፣ ጨው መጨረሻ ላይ።