«ምልክት» ወይስ «መለያ»?

ከሐረር የደረሰን ጥያቄ፦ «ስለ ጉበት ካንሰር የተጻፈ ጥናት ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ‹የካንሰር ስቴም ሴል ምልክቶች ደካማ ትንበያ ያሳያሉ› ብዬ ብጽፍ መምህሬ አልተቀበሉትም። ስሕተቱ የቱ ጋ ነው?»

መምህርዎ ልክ ናቸው። «ምልክት» በሕክምና ቋንቋ ቦታውን ይዟል፤ ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ሆድ ውኃ ሲቋጥር ያ የበሽታ ምልክት ነው። የካንሰር ስቴም ሴል፣ ማለትም ዕጢውን እንደገና ሊያበቅል የሚችለው ሕዋስ (ሴል)፣ የሚታወቅባቸው ሲዲ133ም ሆነ ኤፕካም በሕዋስ ገጽ ላይ ያሉ ፕሮቲኖች ናቸው፤ ታማሚው አይሰማቸውም። «መለያ» ይበሏቸው። ከ«ለየ» የወጣ የመሣሪያ ስም ነው። እንደ ሲዲ133 ያሉ የሕዋስ ገጽ ፕሮቲኖች የሚሰየሙበት፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ፓሪስ ላይ የተጀመረው የ«ሲዲ» አሰያየም እንኳ «ዲ»ው (በእንግሊዝኛ «ዲፈረንሲዬሽን») የሕዋሳትን መለያየት ነው የሚጠራው፤ «ለየ» እዚያም አለ።

«ሁሉንም ‹ጠቋሚ› ብንል ይበቃል» የሚሉ አሉ። አይበቃም። ፕሮቲኑ ሕዋሱን ከሌላው ሲለይ መለያ ነው፤ በዕጢው ውስጥ መብዛቱ የበሽታውን አካሄድ ሲያመለክት ያን ጊዜ ጠቋሚ ይሆናል። በሕዋስ ውስጥ የሚገኘውን ኬራቲን 19 የተባለ ፕሮቲን ይውሰዱ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጤነኛው የሐሞት ቧንቧ ሽፋንም ይህን ፕሮቲን የሚያሳየውን ቡናማ ቀለም ይይዛል፤ መለያነቱ አለ፣ የሚጠቁመው ክፉ ነገር ግን የለም። በጉበት ካንሰር ላይ ብዙ አጥኚዎች ዕጢውን በዚህ መለያ አዎንታዊ የሚሉት ቢያንስ 5 በመቶው የዕጢ ሕዋስ ቀለም ሲይዝ ነው። እንዲህ ያለው ዕጢ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የማገርሸት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ጠቋሚነቱም ይኸው ነው።

«ደካማ ትንበያ»ን ይሰርዙት። በአማርኛ ደካማ ትንበያ ዝናብ ይጥላል ተብሎ ፀሐይ ሲወጣ ነው፤ የደከመው ተንባዩ ነው። ሐሳቡን ዘርዝረው ይጻፉ፦ «እነዚህ መለያዎች በብዛት የታዩበት የጉበት ካንሰር ብዙ ጊዜ ቶሎ ያገረሻል፤ የታማሚውም ዕድሜ ያጥራል።»

ለ«ስቴም ሴል» «ግንደ ሕዋስ» አለልዎ። ሕዋስ በግእዝ የስሜት መቀበያ ነው፤ አምስቱ ሕዋሳት የምንለው ከዚያ ነው። ለሴል የዋለው ኋላ ነው። ሐረር በሚጻፍበት በሐመሩ ሐ ይጻፉት፤ «ህዋስ» ሲባል ዓይኔን ይወጋኛል።

ካንሰርንስ? ለእኔ ምርጫው ነቀርሳ ነበር። ዳሩ ግን ከድሬዳዋ ገበያ እስከ ሐኪሙ ክፍል ሰው የሚለው ካንሰር ነው፤ ነቀርሳን ደግሞ የሳንባ ሕመም ወስዶታል፣ «የጉበት ነቀርሳ» ቢሉ አንባቢ ቲቢ ሊመስለው ይችላል። እያዘንኩም ቢሆን ካንሰርን ተቀብያለሁ። ስቴም ሴልን ግን አልቀበልም።