«ዜሮ ዲግሪ» የተባለው ከረጢት ለምን አላሞቀኝም?

ጥያቄ፦ በኅዳር መጨረሻ ከጓደኞቼ ጋር ከሱሉልታ ወጣ ብሎ በሚገኝ ሜዳ ላይ ድንኳን ተክለን አድረን ነበር። ከሰልባጅ የገዛሁት ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) «ዜሮ ዲግሪ» የሚል ጽሑፍ ቢኖረውም፣ በድንኳኑ ወለል ላይ እንዲሁ ዘርግቼው ስለተኛሁ ይሁን በሌላ ምክንያት፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ እግሬና ወገቤ በብርድ ደርቀው እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። ያንኑ ዓይነት ከረጢት የያዘው ቁመተ ረጅሙ ጓደኛችን ግን በደንብ ተኝቷል። እኔ ቁመቴ 1 ሜትር ከ58 ነው። በጥር ወጨጫ ተራራ ላይ ሁለት ሌሊት ልናድር አስበናል፤ ወፍራም ከረጢት ልግዛን? — አንባቢያችሁ ከቡራዩ

መልስ፦ እህታችን፣ ከውፍረቱ በፊት ልኩን ይመልከቱ። የመኝታ ከረጢት በራሱ ሙቀት አያመነጭም፤ ከሰውነትዎ የሚወጣውን ሙቀት በመሙያው ውስጥ በታፈነው አየር ይዞ ያቆያል እንጂ። መደበኛው መጠን የሚሠራው ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 አካባቢ ለሚደርስ ሰው በመሆኑ፣ ከእግርዎ በታች ባዶ የቀረውን ቦታ ሌሊቱን ሙሉ ሲያሞቁ ያደሩት እርስዎ ነዎት፤ ጓደኛዎ ግን ያንን ቦታ በገዛ እግሩ ሞልቶታል። ትርፉን ጫፍ ከውጭ በገመድ ማሰር ወይም ደረቅ ልብስ መጠቅጠቅ ይረዳል። ለሴቶች ተብለው የሚሠሩ፣ ቁመታቸው አጠር፣ ዳሌያቸው ሰፋ ያሉ ከረጢቶችም አሉ። ሆኖም ጠባብ ይሻላል ብለው እንዳይሳሳቱ፤ ትከሻ ወይም ጉልበት ጨርቁን ሲወጥረው መሙያው ይሳሳና ብርዱ በዚያው በኩል ይገባል።

የወገብዎ ብርድ ምክንያት ሌላ ነው። ከሥርዎ ያለው መሙያ በክብደትዎ ተጨፍልቆ አየር መያዝ ስለሚያቅተው፣ የቱንም ያህል ውድ ከረጢት ቢሆን ከመሬት የሚመጣውን ቅዝቃዜ አይከላከልም። እኔም እንጦጦ ላይ በባዶ መሬት ተኝቼ ከረጢቱን ስረግም አድሬያለሁ። ከከረጢቱ ሥር ለማንጠፍ በጥቅል የሚያዝ ስፖንጅ ይበቃል፤ ጋቢ አጥፎ ማንጠፍ ከምንም ይሻላል፣ ነገር ግን ጥጥ እርጥበት ይስባል።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ በዓለም አቀፉ መለኪያ የተፈተነ ከረጢት ሦስት ቁጥሮች አሉት፤ የምቾት፣ የዝቅተኛ ወሰንና የመጨረሻ አደጋ። የምቾቱ ዘና ብላ የተኛችን ሴት፣ የወሰኑ ተኮራምቶ የተኛን ወንድ መሠረት ያደረገ ሲሆን፣ ሦስተኛው ሕይወትን ለማትረፍ እንጂ ለእንቅልፍ የሚታሰብ አይደለም። ጎልቶ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የወሰኑ ቁጥር ነው፤ ከምቾቱም ወደ 5 ዲግሪ ገደማ ሊለይ ስለሚችል፣ የእርስዎ «ዜሮ» ምናልባት ለእርስዎ ከዜሮ በላይ 5 ሊሆን ይችላል። ወጨጫ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው፤ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በጥር ሌሊት ውርጭ ይጠብቁ። ከገዙ የምቾት ቁጥሩ ከዜሮ በታች 5 አካባቢ የሆነውን ይምረጡ።

ለመሸከም ቀላሉ፣ ተጣጥፎም ትንሽ ቦታ የሚይዘው በዳክዬ ወይም በዝይ ለስላሳ ላባ የተሞላው ነው፤ ከረጠበ ግን ይሟሽሻል። ጥር ደረቅ ስለሆነ አያሰጋም፤ በክረምት ለሚጓዝ ግን ሰው ሠራሽ መሙያ ያለው ይሻላል። ከሰልባጅ ሲገዙ ወደ ብርሃን ያንሡትና መሙያው ተሰብስቦ ባዶ የቀረ ቦታ ካለ ይተዉት። ከዚያም ሻጩ ቢስቅም ጫማዎን አውልቀው፣ ማታ የሚለብሱትን ልብስ ለብሰው ይግቡበት፤ ዚፑን እስከ አንገትዎ ይዝጉ፣ የከረጢቱን ኮፍያ ይሳቡ፣ በጎንዎ ተገልብጠው ጉልበትዎን ይጠፉ። ጨርቁ ሳይወጠር ከእግርዎ በታች አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ከተረፈ ልክዎ ነው።

ለአሁኑ ግን ገንዘብዎን አያውጡ። የያዙትን ከረጢት ጫፉን አስረው፣ ከሥሩ ስፖንጅ አንጥፈው፣ ቡራዩ በግቢዎ ውስጥ አንድ ሌሊት ይደሩበት። እዚያም ከበረደዎ ለወጨጫ አይሆንምና ያን ጊዜ ይግዙ።