ዘንግ የሌለው ካምቢዮ፦ የአዲሱ ሃይሉክስ አውቶማቲክ ዘይት እንዴት ይለካል?

ሰላም ወንድሜ። የጠየቅከው አዲሱ አውቶማቲክ ሃይሉክስህ 5,000 ኪሎ ሜትር ስለሞላ የካምቢዮውን ዘይት ለማየት ኮፈኑን ከፍተህ መለኪያ ዘንጉን ስላጣኸው ነው።

ዘንጉ አልጠፋብህም፤ መጀመሪያውኑ አልተሠራለትም። የድሮው ባለ 4 ማርሽ አውቶማቲክ ቪጎ ዘንግ ነበረው። እንደ ፈረንጆቹ ከ2015 ወዲህ የመጣው ባለ 6 ማርሹ ግን የለውም። ኮፈኑ ሥር የምታየው ዘንግ የሞተር ዘይት ነው። በዚያ በኩል የካምቢዮ ዘይት እንዳይጨመርብህ አደራ።

ልኩ የሚታየው ከታች ነው። በካምቢዮው የዘይት ገንዳ ውስጥ ወደ ላይ የቆመች አጭር ቱቦ አለች፤ ከሥር በአለን ቁልፍ በሚፈታ ብሎን ተዘግታለች። ብሎኑ ሲፈታ ከቱቦዋ አናት በላይ ያለው ዘይት ይፈሳል፣ እኩል ሲሆን ይቆማል። ገንዳው ላይ ሁለት ብሎን ስላለ ሳትለይ አትንካ፦ አንደኛው ማፍሰሻ ነው፣ እሱን ከፈታህ ገንዳው ውስጥ ያለው ዘይት እንዳለ ይወርዳል። መሙያው ደግሞ ካምቢዮው ጎን ላይ ያለው ትልቁ ብሎን ነው።

ነገሩ ሁሉ የሚበላሸው ሙቀት ላይ ነው። ዘይት ሲሞቅ ያብጣል፤ 10 ሊትር ዘይት በ40 ዲግሪ ልዩነት ወደ 0.3 ሊትር ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ፋብሪካው ልኩን የሚሰጠው ከተወሰነ ሙቀት ጋር ነው። ባለ 5 ማርሹ የቶዮታ ካምቢዮ (ኤ750) ከ46 እስከ 56 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ ይለካል፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ሙቀት የሚለኩም አሉ። ያንተን ካምቢዮ የሙቀት ቁጥር ከጥገና መመሪያው አውጥተህ ወረቀት ላይ ጻፈው፣ በግምት አትጀምር። ቀዝቃዛ ሳለ ብሎኑን የፈታ ሰው ምንም ሳይንጠባጠብ ሲቀር «ጎድሏል» ብሎ ይሞላዋል፤ ሲሞቅ ከልክ ያልፋል፣ የሚሽከረከሩት ክፍሎች ዘይቱን እየመቱ አረፋ ያደርጉታል፣ አረፋ ደግሞ ግፊት አይይዝም። ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ወጥቶ እንደቆመ የፈታው ደግሞ ተቃራኒው ይደርስበታል፦ ያበጠው ዘይት ይፈስሳል፣ ካምቢዮው ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ይገኛል።

ሙቀቱን ለማወቅ ከመሪው ሥር ካለው ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ የካምቢዮ ዘይት ሙቀት የሚያነብ ስካነር ያስፈልግሃል። በስልክ በብሉቱዝ የሚሠራው ትንሹም ይህን ቁጥር ካወጣ ይበቃል። ገንዳው ላይ የሚያነጣጥሩት የኢንፍራሬድ መለኪያ የብረቱን ሙቀት ነው የሚያሳየው፣ ውስጥ ካለው ዘይት ዝቅ ስለሚል አትመነው። የሶኬቱን 4 እና 13 ቁጥር ቀዳዳ በሽቦ አገናኝቶ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የ«ዲ» መብራት ሙቀቱን እንዲናገር ማድረግም የታወቀ ዘዴ ነው፤ ግን እዚያው ሶኬት ላይ 16 ቁጥር ከባትሪ በቀጥታ የሚመጣ ኮረንቲ ስላለው በሽቦ የሚሳሳት እጅ ኪሳራ ያመጣል።

መኪናው ሌሊቱን ካደረ በኋላ ጠዋት ጀምር። ጉድጓድ ላይ ወይም አራቱንም ጎማ እኩል በሚያነሳ ሊፍት ላይ ይሁን፤ ፊቱ በክሪክ ብቻ ከተነሳ ዘይቱ ወደ ኋላ ሸሽቶ ልኩ ሁሉ ውሸት ይሆናል። ክሪክ ላይ ብቻ ባለ መኪና ሥር አትግባ፣ ሞተሩ እየሠራ ስለሆነ ደግሞ ጎማው ይታሰር፣ የእጅ ፍሬን ይሳብ፣ ሾፌር ወንበር ላይ ሰው ይቀመጥ። ሞተር ሳታስነሳ በፊት የመሙያውን ብሎን ላላ አድርገህ መፈታቱን አረጋግጥ። ይህን አትዝለለው፦ ዘይት ካፈሰስክ በኋላ መሙያው እምቢ ቢል መኪናው እዚያው ይቀራል።

ከዚያ ሞተር ይነሳ፣ ኤሲው ይጥፋ። ወንበር ላይ ያለው ሰው ፍሬን ረግጦ ማርሹን ከ«ፒ» እስከ መጨረሻው ቀስ እያለ ያሳልፍ፣ በእያንዳንዱ ላይ ጥቂት ሰከንድ ይቆይና ወደ «ፒ» ይመልስ። ሙቀቱ መመሪያው ላይ ወዳለው ቁጥር ሲገባ፣ ሞተሩ ሳይጠፋ፣ የልኩን ብሎን ፍታ። ሞተሩ ከጠፋ ቶርክ ኮንቨርተር (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) እና መስመር ውስጥ ያለው ዘይት ወደ ገንዳው ስለሚመለስ ብዙ ይፈስብህና «ተርፎ ነበር» ብለህ ትሳሳታለህ።

ዓይንህን ቱቦዋ ላይ አድርግ። በቀጭኑ ወርዶ ወዲያው ወደ ጠብ ጠብ ከተለወጠ ልኩ ልክ ነው፣ ዝጋ። በወፍራሙ እየወረደ ካልቆመ ወይ ከልክ በላይ ተሞልቷል ወይ ሙቀቱ አልፏል፤ ስካነሩን እይ። ጨርሶ ካልወጣ ጎድሏል፦ በእጅ ፓምፕ በመሙያው በኩል፣ ከጭስ ማውጫው ራቅ ብለህ፣ ቀስ እያልክ እስኪንጠባጠብ ጨምር። የገባውን በምልክት በተደረገበት ዕቃ ለካ፤ ምን ያህል እንደጎደለ ያወቅከው በዚያ ነው። ብሎኑ ሲመለስ አዲስ ጋስኬት ይግባ፣ ማጥበቂያው 20 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ በረጅም መፍቻ ከተጎተተ የገንዳው ጥርስ ይበላል።

የምትጨምረው ቶዮታ ኤቲኤፍ ደብልዩኤስ ነው፣ ሌላ አይደለም። ለድሮዎቹ የሚሆነው ዴክስሮን 3 ከእሱ ይወፍራል፣ ቀለማቸው ሁለቱም ቀይ ስለሆነ በዓይን አይለዩም።

አሁን ላንተ በግልጽ ልንገርህ፦ 5,000 ኪሎ ሜትር ላይ፣ መኪናው ሳያንጠባጥብ፣ ማርሹ በወጉ እየተቀየረ፣ ይህን ብሎን አትፍታው። የካምቢዮ ዘይት እንደ ሞተር ዘይት አይቃጠልም፤ ከጎደለ የወጣበት ቦታ አለ። ዋስትናም ካለህ ወኪሉ ጋራዥ ይየው። ብሎኑ የሚፈታው ከ«ፒ» ወደ «ዲ» ስታስገባ ቆይቶ የሚይዝ ከሆነ፣ ዳገት ላይ የሞተሩ ዙር ወደ ላይ እየወጣ መኪናው ካልጎተተ ወይም ሥሩ ቀይ ጠብታ ካየህ ነው።

ለጠብታው ማታ ማታ ካርቶን አንጥፍበት። ካምቢዮው መሃል ሥር ከሆነ ከገንዳው መጋጠሚያ፣ ከማቀዝቀዣ ቱቦዎቹ መያዣና ከኋላ ኃይሉን ወደ ጎማ ከሚወስደው ዘንግ ላስቲክ ፈልግ። ወደ ፊት ከሆነ ግን አትደንግጥ፣ የሃይድሮሊክ መሪውም ዘይት ቀይ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ኮፈን ሥር ያለችውን የመሪ ዘይት ዕቃ እይ። ዘይቱ እንጆሪ በወተት የተመታ መስሎ ከመጣ ግን የራዲያተር ውሃ ገብቶበታል፤ ሞተሩን አታስነሳው፣ ተጎትቶ ይሂድ።