የቀረውንም ተመልከቱ

የአንጎል ሕክምና ለማጥናት ለተነሣችሁ ልጆቼ፣

ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ፣ ስትሮክ የመታቸው አንድ አዛውንት የሳህኑን ቀኝ ግማሽ ብቻ በልተው «ዛሬስ ቀነሳችሁብኝ» እያሉ ያጉረመርሙ ነበር። የማየት ችግር መስሎኝ ዓይናቸውን ስመረምር አረፈድኩ። አንዲት ነርስ መጣችና ምንም ሳትናገር ሳህኑን አዞረችው፤ አዛውንቱም የቀረውን በሉ። ያን ቀን እንዴት እንዳፈርኩ!

ነገሩ ከዓይን አልፎ እንደሚሄድ የተረዳሁት ኋላ ነው፤ ቀኝ አንጎል ሲጎዳ፣ ዓይን ደህና ሆኖም እንኳ ሕመምተኛው በግራው ያለውን ልብ ሳይል የሚያልፍበት ጊዜ አለ። ኤድዋርዶ ቢዚያክ እና ክላውዲዮ ሉዛቲ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተሙት ጥናት፣ ቀኝ አንጎላቸው የተጎዳ ሁለት ሕመምተኞች የሚላኖን ካቴድራል አደባባይ በሐሳባቸው እንዲያዩት ጠየቋቸው። ፊታቸውን ወደ ካቴድራሉ አድርገው እንደቆሙ ሲያስቡ በቀኝ ያለውን ዘረዘሩ፤ የግራውን ዘለሉት። ቀጥሎ ጀርባቸውን ለካቴድራሉ እንደሰጡ ሲያስቡ፣ የተዘለለው በቀኝ ዞሮ ተጠራ፤ ቅድም የተጠራው ደግሞ ተዋጠ። ትዝታው ሙሉ ነበር ማለት ነው። የጎደለው ያንን ትዝታ የሚቃኘው ትኩረት ነው። እኛ ጤነኞቹስ? ያስታወስነው ሁሉ እንደ ፎቶግራፍ ባንድ ጊዜ የሚገለጥልን ይመስለናል እንጂ፣ ትዝታችንን የምናየው አንድ ቦታ ቆመን ነው።

ስለዚህ የጠፋውን ብቻ አትመዝግቡ። ሄንሪ ሞለይሰን የሚባል ሕመምተኛ እ.ኤ.አ. በ1953 ለሚጥል በሽታው ሲባል ከሁለቱም የአንጎሉ ጎኖች ሂፖካምፐስ ከሚባለው ክፍል ትልቅ ድርሻ ተቆርጦ ወጣለት። ከዚያ በኋላ አዲስ ነገር አይዝም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር ግን በመስታወት እያየ ኮከብ እንዲስል ስታለማምደው፣ በየቀኑ «ይህን ከዚህ በፊት ሠርቼ አላውቅም» የሚለው ሰው እጁ እየተካነ ሄደ! እንግዲህ «ማስታወስ» የምንለው አንድ ነገር አይደለም።

የትኛው የአንጎል ክፍል ምን እንደሚሠራ ካርታ ለማውጣት ግን አትቸኩሉ። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ እ.ኤ.አ. በ1861 «ታን» ከማለት በቀር መናገር የማይችል ሰው ከሞተ በኋላ አንጎሉን መርምሮ የግራው ግንባር ክፍል መጎዳቱን ካሳየ ወዲህ፣ ይህ ችኮላ ብዙዎችን አሳስቷል። እንግሊዛዊው የነርቭ ሐኪም ጆን ሂውሊንግስ ጃክሰን ንግግርን ያጠፋ ጉዳት ያለበትን ቦታ ማግኘትና የንግግርን ቦታ ማግኘት ለየቅል ናቸው ብሎ ነበር። ድልድይ ፈርሶ ገበያ ቢበተን፣ ገበያው ድልድዩ ላይ ነበር አይባልም።

እኔ እስከ ዛሬ ወደ ሕመምተኛ ክፍል ስገባ ዓይኔ የሚቀድመው ወደ ሳህኑ ነው።