መልስ፦ ተጣጣፊ ቀለበት የልብ ቫልቭን እንቅስቃሴ ያግዳል ወይ?

ሰላም እህቴ። እናትሽ የሚትራል ቫልቫቸው (በልብ ግራ በኩል ባሉት ሁለት ክፍሎች መካከል ያለው የደም በር) ተጠግኖ ተጣጣፊ ቀለበት እንደገባላቸው ጽፈሽ፣ «ቀለበቱ ቫልቩን አያግደውም ወይ?» ብለሻል። ፈጣሪ ይማርልሽ።

የሚትራል ቫልቭ ዙሪያ ጠፍጣፋ ክብ አይደለም። እንደ ፈረስ ኮርቻ ጎበጥ ያለ ነው። ልብ ሲኮማተር ይጠባል፣ ሲላላ ይሰፋል። ደም ወደ ኋላ በሚያፈስ ቫልቭ ላይ ይህ ዙሪያ ብዙ ጊዜ ተለጥጦ ይገኛል። ቀለበቱ በስፌት የሚታሰረው ዙሪያውን ሰብስቦ ሁለቱ ክዳኖች በደንብ እንዲገጥሙ ነው።

ግትር ቀለበት ቅርጹን አንድ ቦታ ላይ ያቆመዋል። ተጣጣፊው ግን ከልብ ጡንቻው ጋር አብሮ ይታጠፋል። ያም ሆኖ ሙሉ ነፃነት አይሰጥም። በበጎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ተጣጣፊውም ቢሆን የዙሪያውን መጥበብና መስፋት በእጅጉ ገድቦ ታይቷል። የኋላው ክዳን እንቅስቃሴም ይቀንሳል፤ የመክፈት የመዝጋቱን ሥራ በአብዛኛው የፊተኛው ይሸከመዋል። ስለዚህ የኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ውጤቱ ላይ «የኋላው ክዳን እንቅስቃሴ ቀንሷል» የሚል ብታነቢ ቶሎ አትደንግጪ። ከቀለበት በኋላ የተለመደ ነው።

ለእኔ ትልቁ ጉዳይ ሌላ ነው፦ ደም አሁንም ወደ ኋላ ይፈሳል? ቫልቩስ ከልክ በላይ ጠቧል? በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪማቸውን እነዚህን ሁለቱን ጠይቂልኝ።